የጠፋች አውሮፕላን ማን ይፈልጋታል?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። በአንድ ወገን የዓባይ በረሃ፣ በሌላው ወገን ጮቄ። ክረምት ከሆነ ጮቄን ማየት ቀርቶ ከፊት የሚሄደውን የአይሱዙ ጭራ ማየትም ዕድል ነው። አንድ ነሐሴ በዚሁ ጉም ውስጥ እየተንፏቀቅን ሳለ ከመካከላችን አንዱ ጥያቄ ወረወረ፦ «እዚህ ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ገብታ ባትወጣ ማን ይፈልጋታል?» ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም።

ቢቸና ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ጥያቄውን አብረውን ለተቀመጡ አንድ አባት አቀረብንላቸው። ገረማቸው። «ምን ጥያቄ አለው ልጆቼ? እሪ ይባላል፣ ይኬዳል።» እኛ አላቆምንም፤ «አባባ፣ ተራራ ላይ ቢሆንስ? ሌሊት ቢሆንስ?» አልናቸው። «ተራራውስ የማን ነው?» አሉንና ሻያቸውን ፉት አሉ።

መልሳቸው ቀላል ይምሰል እንጂ የተናገሩበት አገር ቀላል አይደለም። ሞጣ በአንድ ወቅት የራሷ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራት። የዚህ አገር ሰው ከአውሮፕላን ጋር ያለው ትዝታ ግን የመንገደኛ ብቻ አይደለም። የበላይ ዘለቀ አገር ቢቸና በጣሊያን ዘመን አውሮፕላንን የሚያውቀው በቦምቡ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ሸፈተ፤ ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ማዕከላት መካከል ነበሩ። የጃንሆይ መንግሥትም አየር ኃይሉን አዘመተባቸው። በኋላ ግብሩ ተነሣ፣ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ተቀየሩ። የሰማዩ ድምፅ ግን ከልጅነት ጆሮ በአዋጅ አይነሣም። አባባም በልጅነታቸው ያን ድምፅ ሲሰሙ ገደል ለገደል ይሸሹ እንደነበር ነግረውናል። ከአውሮፕላን የሸሸ ሰው ነው እንግዲህ አውሮፕላን ቢወድቅ እሮጣለሁ የሚለን።

(እዚህ ላይ ባላገሩን መላእክት እንዳናደርገው። በድሮው ዘመን ወንጀለኛ የሚፈለግበት አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ፤ አገሬው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጉዳዩ እስኪጣራ አይበተንም። ያ በግድ ነው። እሪታ ግን ሌላ ነው፤ የሰማ ሁሉ ይወጣል፣ ማንም አበል አይከፍለውም።)

አሁን ወደ 1981 ዓ.ም. እንሂድ፤ በአውሮፕላን አደጋ ተጀምሮ በአውሮፕላን አደጋ ያለቀ ዓመት ነው። መስከረም 5 ቀን ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። ሊመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ከዱት፤ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ይኸኛው ግን አልጠፋም፤ የወደቀው ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ነው።

ግንቦት 8 ቀን መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፣ ከሸፈም። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምሃ ደስታ ሳይቀሩ ሕይወታቸው አለፈ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ አንዲት ትዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ተነሥታ ወደ ምዕራብ በረረች። የምታመራው ጋምቤላ ውስጥ የሱዳን ስደተኞች ወደሰፈሩበት ወደ ፉኚዶ ነው። የቴክሳሱ ተወካይና በአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ሚኪ ሌላንድ፣ አብረዋቸው የሚሠሩ አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ተሳፍረውባታል። ፉኚዶ አልደረሰችም።

ፍለጋው ተጀመረ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ከዋሽንግተን ጋር ተኳርፎ የኖረው ደርግ ለአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ሰማዩን ከፈተ። ሳተላይት ሳይቀር ምዕራብ ኢትዮጵያን አሰሰ። ነሐሴ ነው፤ ደመናው ከጫካው ጋር ተጣብቋል፤ የሚፈለገው ቦታ ደግሞ ተራራ፣ ሸለቆና ድንበር ነው። ስድስት ቀን ፈጀ። ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪው ተራራ ላይ ተገኘ፤ በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ዛሬ በሂዩስተን አውሮፕላን ማረፊያ የሌላንድን ስም የያዘ ተርሚናል አለ። አብረዋቸው የሞቱት ኢትዮጵያውያን ግን በዜናው ውስጥ በአመዛኙ ቁጥር ሆነው ቀሩ። ይህን ስናነብ ደማችን ፈልቷል፤ አንደብቅም።

«አሜሪካኖቹ ቢሆኑ ኖሮ» የሚል አይጠፋም። እነሱም ቢሆኑ እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ሄል ቦግስና ኒክ ቤጊች፣ አላስካ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ እንዳሉ ጠፉ። 39 ቀን ተፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1941 የተቋቋመው «ሲቪል ኤር ፓትሮል» የሚባለው የበጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች ድርጅትም አብሮ ፈለገ። እስከ ዛሬ አልተገኙም። ያ መጥፋት አውሮፕላኖች ሲከሰከሱ በራሱ የሚጮህ የሬዲዮ መሣሪያ እንዲይዙ የሚደረገውን ግፊት አጠነከረው። የመሣሪያውን ጩኸት ከሰማይ የሚሰማው የሳተላይት ሥርዓት፣ ኮስፓስ ሳርሳት፣ የሶቪየት፣ የአሜሪካ፣ የካናዳና የፈረንሳይ የጋራ ሥራ ነው። በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል!

ሥርዓቱ መጀመሪያ ሰው ያዳነው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1982 ካናዳ ውስጥ ነው። የተረፉት ሦስት ሰዎች ምን ሊያደርጉ እንደወጡ ገምቱ። የጠፋች ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ሊፈልጉ! መደበኛው ፍለጋ ቆሞ እነሱ በገዛ ፈቃዳቸው ወጥተው ነበር፤ ራሳቸው ወደቁ፣ መሣሪያቸው ጮኸ፣ ሳተላይቱ ሰማ። እሪታ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ እሪታ የሚሰማበት የታወቀ ቦታ ያለው መሆኑ ነው።

የኛ እሪታ ያለ ሳተላይትም ሠርቷል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ሰዎች 50ው የተረፉት የደሴቲቱ ሰዎችና በባሕር ዳርቻው የነበሩ ቱሪስቶች በጀልባ ስለደረሱላቸው ጭምር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቢሾፍቱ ወዲያ 157 ሰዎች ባለቁበት አደጋም መጀመሪያ የደረሱት ገበሬዎች ናቸው። የሚያድኑት ሰው አላገኙም። ቢሆንም ደረሱ።

ከቢቸና ስንነሣ ጉሙ አልተገለጠም ነበር። አባባ ሻያችንን ካልከፈልኩ ብለው ከአሳላፊው ጋር ተጨቃጨቁ። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የመጀመሪያው ጠያቂያችን ሁለተኛውን የወረወረው፦ «እሺ፣ እሪ ተብሎ ተኬደ እንበል። ስብርባሪውን ያገኘው ሰው ከኪሱ ስልክ አውጥቶ የት ይደውላል?» ያቺን ቁጥር መኪናው ውስጥ ከነበርነው ከአምስታችን አንዳችንም አላወቅናትም።