ከእበት ምርግ ወደ ሕያው አጥር፦ የዛፍ ሕክምና ታሪክ

በአትክልት ስፍራ ለጌጥና ለጥላ የተተከለ ዛፍ ቅጠሉ ያለ ወቅቱ ሲጠወልግ ወይም ግንዱ ከውስጥ ሲቦረቦር ተመርምሮ ሊታከም ይችላል የሚለው እምነት የቆየ ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚመራው ዕውቀት ለረጅም ዘመን ከሰው ሕክምና የተወሰደ ነበር፤ የሙያው ታሪክም በአብዛኛው ይህ ከሰው ገላ የመጣ ግምት ቀስ በቀስ የተፈተሸበትና የታረመበት ታሪክ ነው።

በእንግሊዝ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አትክልተኛ የነበረው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፎርሳይት እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቆሰለ ዛፍ የበሰበሰው ክፍል እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተፍቆ ከላም እበት፣ ከአሮጌ ሕንፃ ፍርስራሽ በተገኘ ኖራ፣ ከእንጨት አመድና ከአሸዋ በተቦካ ምርግ ቢለሰን እንደሚድን አስተማረ። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ኦክ ከተባለው ጠንካራ ዛፍ ይሠሩ ስለነበር ጉዳዩ ከአትክልት ስፍራ አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ፤ ፓርላማውም ለፎርሳይት ሽልማት ፈቀደለት። የዕፅዋት ተመራማሪው ቶማስ አንድሩ ናይት ግን ስለ ምርጉ የተነገረውን አጥብቆ ተቃወመ። ተቃውሞው ተገቢ ነበር፤ አንድ ጊዜ የሞተ እንጨት ምንም ቢቀባ ሕይወት አይመለስለትም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊው ሮበርት ሃርቲግ በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚታዩት ፈንገሶች የብስባሴው ውጤት ሳይሆኑ መንስኤው መሆናቸውን አሳየ። ከዚህ በኋላ የዛፍ በሽታ የራሱ የምርምር ዘርፍ ሆነ፤ መጋዝ የያዘው ሠራተኛ ግን ገና በአሮጌው መንገድ ይሄድ ነበር።

ሙያውን በአሜሪካ ያስፋፋው ከእንግሊዝ የሄደው ጆን ዴቪ ነው። በኦሃዮ ግዛት በኬንት ከተማ የመቃብር ስፍራ ጠባቂ ሆኖ የሠራው ዴቪ በ1901 «የዛፍ ሐኪም» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመ ሲሆን፣ በ1909 ደግሞ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ተቋቋመ። በዘመኑ ዝነኛ የነበረው ሕክምና፣ የጥርስ ሐኪም የተቦረቦረ ጥርስ እንደሚሞላ ሁሉ፣ የግንዱን ብስባሽ ጠርጎ ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላት ነበር፤ ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ሙሌቱ እንዳይሰነጠቅ ሲሚንቶው በተለያዩ ንብርብሮች ይፈስስ ነበር። ሥራው ድካምና ጥንቃቄ የሚጠይቅ፣ በቅን ልቦና የሚፈጸም ነበር። ዴቪ የዛፍን አናት በዘፈቀደ መቁረጥን አጥብቆ መቃወሙም ሊመሰገንበት የሚገባ ነው።

የሙሌቱን መሠረት ያናጋው በ1959 በአሜሪካ የደን አገልግሎት ሥራ የጀመረው አሌክስ ሺጎ ነው። ቀደምት ተመራማሪዎች ግንድን በአግድም ቆርጠው ሲያዩ፣ ሺጎ በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ብስባሴው ከቁስሉ ተነሥቶ የተጓዘበትን መንገድ ተከተለ። በ1977 በወጣው ጽሑፉ እንዳብራራው፣ እንስሳ የተጎዳ ሥጋውን በአዲስ ሥጋ ሲተካ፣ ዛፍ ግን የተጎዳውን ክፍል በኬሚካላዊና በአካላዊ መከላከያ አጥሮ ይለየዋል። ከእነዚህ አጥሮች ሁሉ ጠንካራው ከመቁሰሉ በኋላ የሚያድገው አዲስ እንጨት ከአሮጌው የሚለይበት ስስ ድንበር ነው። እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ መፋቅ ይህንኑ አጥር ማፍረስ፣ ለፈንገሱም በር መክፈት ነበር። ቅርንጫፍን ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መቁረጥም በቅርንጫፉ ሥር እንደ ቀለበት ያበጠውንና መከላከያው የሚፈጠርበትን ክፍል ያስወግዳል። የቁስል ቀለምም ቢሆን ብስባሴን አያስቆምም። ከፎርሳይት ምርግ ጀምሮ የተደከመለት ነገር ሁሉ ከውጭ የሚጨመር ነበር፤ የሺጎ ትልቁ አስተዋጽኦ ዓይንን ዛፉ ራሱ ወደሚያደርገው መመለሱ ነው።

በዚህም የተነሣ የምርመራው ሥራ ከቁስሉ ወደ አፈሩ ወረደ። ጤነኛ ግንድ መሬት ሲነካ ይሰፋል፤ ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከገባ የሥሩ አንገት ተቀብሯል፣ ወይም አንድ ሥር ተጠምዝዞ አንቆታል ማለት ሊሆን ይችላል። በሕንፃ ሥራ የተጠቀጠቀ አፈርም ለሥር የሚያስፈልገውን አየር ስለሚያሳጣ፣ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ በአናቱ መድረቅ ይገለጣል። እንዲህ ላለው ዛፍ ትርፉን አፈር ማንሳት፣ የተጠቀጠቀውን ማላላት፣ ግንዱን ሳይነካ የእንጨት ፍቅፋቂ በዙሪያው ማልበስና በድርቅ ጊዜ ውኃ በጥልቀት ማጠጣት ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል።

ሲሚንቶ የመሙላት ልማድ በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እየተተወ ሄደ። ዛሬም ሙሌቱ ያለባቸው አሮጌ ዛፎች ይገኛሉ፤ ሲሚንቶውን ፈልፍሎ ማውጣት ዛፉ በዙሪያው የሠራውን አጥር ሊያፈርስ ስለሚችል፣ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ባለበት ይተዉታል።