የካዱ ብድርና የጭላሎ ጢሰኛ

የ«መሬት ላራሹ» ነገር ሲነሣ ሁሉም ከተማሪው ሰልፍ ይጀምራል። እኔ ከአርሲ፣ ከጭላሎ መጀመር እመርጣለሁ። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ለአነስተኛው ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ ነበር። ስንዴውም አማረ። ጣጣው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሬቱ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ያየ ባለርስት እኩል ከሚያካፍለው ጢሰኛ ጋር ምን አቆየው? መንግሥት እንደሆነ ትራክተሩንም ነዳጁንም ከቀረጥ ነፃ አድርጎለታል! ስለዚህ ጢሰኛውን አስነሥቶ ራሱ ያርሳል፤ አለዚያም ለባለ ትራክተር ያከራያል። መፈናቀሉን የካዱ ባለሙያዎች ራሳቸው በጥናት መዝግበውታል። ጢሰኛውን ይጠብቃል የተባለው የሕግ ረቂቅ ግን ባለርስት በሞላበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ጢሰኝነት የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ከጭላሎ ማሳ ብዙ ጎጆ ተነቅሏል።