ዕዳ ማንን ይይዛል? ከቁራኛ እስከ ኮንዶሚኒየም

«የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ታሞ ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰው ማለት ነው። ግን «ቁራኛ» ራሱ ምንድን ነው? ቃሉ የመጣው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከፍርድ አደባባይ ነው።

ቁራኛ ማለት ከሌላ ሰው ጋር አንድ ላይ የታሰረ ሰው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አበዳሪና ተበዳሪ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ወይም እጃቸው በአንድ ሰንሰለት ተጠፍሮ አብረው ሲሄዱ ይታዩ ነበር። ኢትዮጵያን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች በነገሩ ተገርመው ጽፈውበታል፤ ፎቶም አንሥተዋል። አበዳሪውም አብሮ ታስሮ መዋሉን ልብ በሉ። ዓላማው ተበዳሪው እንዳይጠፋና ዘመድ አዝማድ አይቶ ዋስ እንዲሆነው ወይም እንዲከፍልለት ነበር።

በዚያ ዘመን እንግዲህ ዕዳ የሚይዘው የሰውን አካል ነው። ዛሬ የሚይዘው ንብረትን ነው። ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ደግሞ ትልቁ ንብረት ቤቱ ነው። ታዲያ ቤቱ የሁለት ሰው፣ ዕዳው የአንድ ሰው ሲሆን ምን ይሆናል?

አንድ ቤት፣ ሁለት ባለቤት

እስቲ በምሳሌ እንየው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ ውስጥ አንድ ኮንዶሚኒየም አለ እንበል። ባልና ሚስት ከተጋቡ በኋላ ሁለቱም ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙት ቤት ነው። ባል ግን ከጋብቻው በፊት ለንግድ ተበድሮ ያልከፈለው ገንዘብ አለ። ሚስት ስለዚህ ዕዳ ሰምታ አታውቅም። አንድ ቀን የፍርድ ቤት ትእዛዝ በሩ ላይ ተለጥፎ ታገኛለች፦ ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ ነው።

«ዕዳው የእሱ፣ ቤቱ የኔም ነው! እንዴት ይሸጣል?» ትላለች። እናንተም እንዲሁ ትሉ ነበር፣ አይደል? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል።

ቤት ለዕዳ መያዣ የሆነው መቼ ነው?

በሰሜን ኢትዮጵያ የርስት ሥርዓት መሬት የትውልድ ነበር። አንድ ሰው ድርሻውን ያርሳል፣ ለልጆቹ ያስተላልፋል፤ እንደ ፈረስ ወይም እንደ በሬ ገበያ አውጥቶ አይሸጠውም። እንዲህ ባለ ቦታ አበዳሪ ከመሬቱ ይልቅ ሰውየውን ቢይዝ አይገርምም። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ተለወጠ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማው መሬት በግል የሚያዝና የሚሸጥ ሀብት እየሆነ መጣ። የሚሸጥ ነገር ደግሞ ለዕዳም መያዣ ይሆናል።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በዚህ ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፤ የጋራ ንብረቱንም በዋናነት የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ስለ ዕዳስ? ከአንዱ ተጋቢ የሚፈለግ ዕዳ ከተበዳሪው የግል ንብረትና ከጋራ ንብረቱ ሊከፈል ይችላል ይል ነበር። «ና» የምትለዋን ፊደል ልብ በሉ። ሁለቱን ንብረቶች ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ የቱ ይቅደም አትልም።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መኖሪያ ቤት አንድ ብቻ ሆነ። ብዙ ሀብት በነበረው ቤተሰብ ዘንድ እንኳ ቤት ማለት ያቺው አንዷ ሆና ቀረች።

በ1992 ዓ.ም. የተጨመሩት ጥቂት ቃላት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት አላቸው አለ። የድሮው ሕግ «ባል የቤተሰቡ ራስ ነው» ካለው ጋር ይህ አብሮ ሊሄድ አልቻለም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ሕጉ እንዲሻሻል ሲወተውቱ ቆዩ። በመጨረሻ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሰኔ ወር 1992 ዓ.ም. ወጣ። ሕጉ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ፤ አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል።

በአዲሱ ሕግ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት አብረው ያስተዳድራሉ። ሰው ብዙም ያላስተዋለው ለውጥ ግን አንቀጽ 70 ላይ ነው። አሁን የአንዱ ተጋቢ ዕዳ በመጀመሪያ የሚከፈለው ከራሱ የግል ንብረት ነው፤ ወደ ጋራ ንብረቱ የሚኬደው የግል ንብረት ከሌለ ነው። «ና» ወጥታ «ከሌለ» ገባች። የጀሞዋ ሚስት ትልቁ ጋሻ ይህች ቃል ናት።

ጋሻው ግን ወሰን አለው። ባል ምንም የግል ንብረት ከሌለው አንቀጹ የጋራ ቤቱን መንገድ ይከፍታል። አንቀጹ ዕዳው ከጋብቻ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ አይለይም፤ «ግማሹን ብቻ» የሚል ቃልም የለበትም።

በሌላ አገር የተለየ መንገድ ተሞክሯል። በ1837 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የባንክ ቀውስ ብዙ ሰው በዕዳ ተዘፈቀ። ያኔ ራሷን የቻለች አገር የነበረችው ቴክሳስ በጥር 1839 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጣች፦ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 50 ኤከር መሬት (20 ሄክታር ገደማ) ወይም አንድ የከተማ ቦታ ድረስ ለዕዳ አይያዝም። እኛ ዘንድ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዕዳ የማይያዙ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ መኝታ፣ የሙያ መሣሪያ፣ ለ3 ወር የሚበቃ ቀለብ። እንደ ቴክሳስ መኖሪያ ቤትን በደፈናው የሚጠብቅ ነገር ግን የለንም።

ታዲያ ሚስት ምን ታድርግ?

አራት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ዕዳው ለምን ዋለ? ለቤተሰቡ መተዳደሪያ ወይም ለልጆች ከሆነ የሁለቱም ዕዳ ነው፤ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ከጋብቻ በፊት ለንግድ የተወሰደ ብድር ግን እዚህ ውስጥ ይገባል ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ባል የግል ንብረት አለው? ከጋብቻ በፊት የያዘው ወይም በውርስ ያገኘው መኪና፣ ቦታ፣ ገንዘብ? ካለ ያ ይቅደም። ይህን ግን ፍርድ ቤቱ በራሱ ፈልጎ አያመጣላትም። ሐራጁ ከመውጣቱ በፊት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 መሠረት «ይህ ንብረት ሊያዝ አይገባም» የሚል አቤቱታ ከነማስረጃው ማቅረብ ያለባት እሷ ናት።

ሦስተኛ፣ ዕዳው ስንት ዓመቱ ነው? በውል የሚጠየቅ ገንዘብ በመርህ ደረጃ በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ሁለት ወጥመድ አለው። ባል በመሀል ዕዳውን ካመነ ወይም ጥቂት ከከፈለ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ደግሞም ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ ተከሳሹ በክሱ ጊዜ ማንሣት አለበት። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ይርጋው አልፏል ማለት ብዙም አያዋጣም።

አራተኛ፣ ብድሩ የተወሰደው በጋብቻ ውስጥ ቢሆንስ? ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ግዴታው በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። 500 ብር የሚለው ገደብ ከ1952ቱ ሕግ የተወረሰ ነው። ያኔ 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛም አይሞላም።

«ቤቱን በሚስት ስም ማዛወር ነው!» የሚል ምክር ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። አይሠራም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በጋብቻ ላይ ያሉ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውልም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም።

እናንተ ገና ትዳር ላይ ካልሆናችሁ ከሁሉ የሚቀለው ነገር በእጃችሁ ነው፦ ከሠርጉ በፊት «ዕዳ አለብህ? ዕዳ አለብሽ?» ብሎ መጠየቅ። ያፍራል እንጂ አያስከፍልም። መልሱ «አዎ» ከሆነም የማን ንብረት የማን እንደሆነ በጽሑፍ ለይቶ በጋብቻ ውል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሕጉ በሙሽራው በኩል ሁለት፣ በሙሽሪት በኩል ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች ይጠይቃል። ያ ወረቀት የባልን የግል ንብረት በግልጽ ያሳያል፤ አበዳሪው በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚፈለገውም እሱ ነው።