ቶም እና ጄሪ፦ ስቱዲዮው የተዘጋበት ካርቱን እንዴት እስከ ስልካችን ደረሰ?

ፊቱ የተጣመመው ቶም ሚም ሆኖ፣ ስቲከር ሆኖ ወይም አጭር ቪዲዮ ሆኖ ስልካችሁ ላይ ሳይመጣ አልቀረም። የሚገርመው ግን፣ በጣም የምንስቅባቸው ክፍሎች አብዛኞቹ አያቶቻችን ልጆች በነበሩበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። የሠሯቸው ሰዎች ደግሞ ፊልሞቹ እየተወደዱ ከሥራ ተሰናብተዋል። ታሪኩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 እንዴት ተጀመረ?

ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተገናኙት በአሜሪካው የፊልም ኩባንያ ኤም ጂ ኤም የካርቱን ክፍል ውስጥ ነው። ባርቤራ ጎበዝ ሠዓሊና ቀልድ ፈጣሪ ነበር። ሃና ደግሞ አንድ ቀልድ በየትኛው ሰከንድ ላይ ቢመጣ እንደሚያስቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራቸው "ፑስ ጌትስ ዘ ቡት" በየካቲት 1940 ሲኒማ ቤት ገባ። ያኔ ቶም "ቶም" አልነበረም፤ ስሙ ጃስፐር ነበር። የአይጡ ስም ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ጭራሽ አይጠራም። ድመትና አይጥ የተበላ ሐሳብ ነው ተብሎ ብዙም ባይጠበቅበትም፣ ፊልሙ ተወደደ፤ ለኦስካርም ታጨ። ስም ለማውጣት በስቱዲዮው ሠራተኞች መካከል ውድድር ተደረገና "ቶም እና ጄሪ" ያለው ሠዓሊ ጆን ካር 50 ዶላር ተሸለመ። ለዚህ ሁሉ ዝና 50 ዶላር!

🔹 አንድ ክፍል እንዴት ይሠራ ነበር?

ሲኒማ ላይ በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። አንድ የ7 ደቂቃ ፊልም እንግዲህ 10,080 ምስል ማለት ነው። አንዱን ስዕል ሁለት ሁለት ጊዜ እያነሱ ድካሙን ቢቀንሱት እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ስዕል ይቀራል። ኮምፒውተር የለ፣ ሁሉም በእጅ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ ቀጥሎ ሴል በሚባል ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ይገለበጥና ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻ የቤቱ ወይም የጓሮው ስዕል ላይ ተደርቦ አንድ በአንድ በካሜራ ይነሳል።

ሙዚቃውን የሚደርሰው ስኮት ብራድሌይ ነበር። ቶም በጣቱ ጫፍ ሲራመድ፣ ደረጃ ላይ ሲንከባለል፣ ሲደነግጥ፣ ኦርኬስትራው እግር በእግር ይከተለዋል። ያ ታዋቂ የቶም ጩኸትስ የማን ይመስላችኋል? የራሱ የዊሊያም ሃና ነው።

ሁለቱ ገጸ ባሕርያት አይናገሩም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው እንግሊዝኛ አንድም ቃል የማይሰማ ልጅ ሳይቀር ቁጭ ብሎ አይቶ የሚስቀው። አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ሙዚቃውና እንቅስቃሴው ሁሉን ነገር ይናገራሉ።

🔹 7 ኦስካር

ሃና እና ባርቤራ ከ1940 እስከ 1958 የወጡ 114 አጫጭር ፊልሞችን ሠሩ። ከእነዚህ ውስጥ 7ቱ ኦስካር አሸንፈዋል። ሽልማቱን የሚቀበለው ግን ፕሮዲውሰሩ ፍሬድ ኩዊምቢ ነበር። ፊልሙን የፈጠሩት ሁለቱ ሰዎች መድረኩን ከሩቅ ነው ያዩት።

ካሸነፉት አንዱ ቶም ኮት ለብሶ ፒያኖ የሚጫወትበት "ዘ ካት ኮንሰርቶ" ነው። በዚያው ሰሞን ዋርነር ብራዘርስ ደግሞ በግስ በኒን ያንኑ የፍራንዝ ሊስት ሙዚቃ ፒያኖ ላይ ሲጫወት የሚያሳይ ፊልም ሠራ። ሁለቱ ስቱዲዮዎች "ሐሳባችንን ሰረቃችሁን" ተባባሉ።

🔹 ታዲያ ለምን ተዘጋ?

በ1950ዎቹ ቴሌቪዥን የሲኒማውን ተመልካች ወሰደው። የኤም ጂ ኤም ኃላፊዎችም ሒሳብ ሠሩ፦ አሮጌ የቶም እና ጄሪ ፊልም ድጋሚ ሲታይ ከአዲሱ ጋር የሚቀራረብ ገቢ ያመጣል። ታዲያ አዲስ ለመሥራት ምን አወጣን? አሉ። በ1957 የካርቱን ክፍሉ ተዘጋ፤ ሠራተኞቹም ተበተኑ። ሰዎቹ ሥራቸውን ያጡት ሥራቸው ስለከፋ አይደለም። የማያረጅ ሥራ ስለሠሩ ነው።

ሃና እና ባርቤራ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ለቴሌቪዥን መሥራት ጀመሩ። የቴሌቪዥን በጀት ትንሽ ስለነበር ስዕል መቆጠብ ግድ ሆነ፤ ገጸ ባሕርይው ሲያወራ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሮጥ ያው ዛፍ ደጋግሞ ያልፋል። ድቡ ዮጊ ሸሚዝ ሳይኖረው ኮሌታና ከረባት ያደረገው ለምን ይመስላችኋል? አንገቱ ላይ መለያ መስመር ሲኖር አካሉን ትቶ ጭንቅላቱን ብቻ እንደገና መሣል ስለሚቻል ነው። ፍሊንትስቶንስ (1960) እና ስኩቢ ዱ (1969) የወጡት ከዚሁ ኩባንያ ነው።

🔹 የማን ሥራ እንደሆነ በምን ትለያላችሁ?

ኤም ጂ ኤም ቆየት ብሎ ቶም እና ጄሪን ለሌሎች ሰዎች ሰጠ። ስለዚህ ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም።

✔️ ሃና እና ባርቤራ (1940–1958)፦ ቤቱ፣ ምንጣፉ፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ በዝርዝር የተሣለ፤ ሙዚቃው ሙሉ ኦርኬስትራ።
✔️ ጂን ዳይች (1961–1962)፦ ፕራግ ከተማ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ 13 ፊልሞች። ድምፁ የሚያስተጋባና ግር የሚል፣ እንቅስቃሴው ቆረጥ ቆረጥ የሚል።
✔️ ቸክ ጆንስ (1963–1967)፦ 34 ፊልሞች። የቶም ቅንድብ ወፍራም ነው፤ መግቢያው ላይ ደግሞ በአንበሳው ቦታ ቶም ብቅ ብሎ ይጮኻል።

🔹 የማያስቀው ጎን

በድሮዎቹ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ፊቷ የማይታይ፣ በአብዛኛው ከወገቧ በታች የምትታይ ጥቁር ሴት አለች። ድምፁ የተዋናይት ሊሊያን ራንዶልፍ ነው። ገጸ ባሕርይዋ ጥቁሮችን በአሽከርነት ብቻ ታሳያለች ተብላ በዘመኑም ተተችታለች። ከዚያ በኋላ ለቴሌቪዥን ሲዘጋጁ አንዳንድ ክፍሎች ተቆርጠዋል፤ በአንዳንዶቹም እሷ በነጭ ሴት ተተክታለች። ፍንዳታ ደርሶ የቶም ፊት ሲጠቁር የሚቀለዱት ቀልዶችም ከዚያ ዘመን ንቀት የመጡ ናቸው። ታናናሾቻችሁ አጠገባችሁ ሆነው ሲያዩ ይህን ብትነግሯቸው አይከፋም።

ሃና በ2001፣ ባርቤራ በ2006 አረፉ። በ1957 "አሮጌው ይበቃል" ብለው ስቱዲዮውን የዘጉት ሰዎች አንድ ነገር ልክ ነበሩ፤ አሮጌው እስከ ዛሬ ይታያል። ልክ ያልሆኑት ግን የሚቀጥለውን ሊሠሩ የሚችሉትን እጆች መበተናቸው ነው። ቀጣዩን ክፍል ስትከፍቱ መግቢያውን አትዝለሉት። በብዙዎቹ ክፍሎች እዚያ ላይ በፍጥነት ከሚያልፉት ስሞች መካከል ስዕሉን በእጃቸው ከሠሩት ሰዎች የአንዳንዶቹ ስም አለ።

እናንተ የማን ዘመን ቶም እና ጄሪን ትመርጣላችሁ? ጻፉልን 👇