በሩና ፊርማው

ስለ ሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» የሚጻፍ ሐተታ ዞሮ ዞሮ በሩ ላይ ያርፋል። ተውኔቱ በኮፐንሃገን ንጉሣዊ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1879 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኖራ ሄልመር ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ ትወጣለች፤ ተመልካቹ መጨረሻ ላይ የሚሰማው የውጭው በር ሲዘጋ ነው። ያ ድምፅ ከመድረክ አልፎ በየሳሎኑና በየጋዜጣው ሙግት ሆነ። እኔ ግን ተውኔቱን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚቀረው አንድ ወረቀት ላይ ነው።

ወረቀቱ የብድር ውል ነው። የኖራ ባል ሲታመም ሐኪሞቹ ሙቅ አገር ካልከረመ አይተርፍም አሏት፤ እሷም ጣሊያን ልትወስደው 4,800 ክሮነር ተበደረች። ያን ጊዜ ያገባች ሴት ያለባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም ነበር። ባሏ ደግሞ ዕዳ የሚጸየፍ ሰው ነው፤ የሕመሙን ክፋትም አልነገሩትም። ዋስ የሚሆኗት አባቷ በሞት አፋፍ ላይ ስለነበሩ ልታስጨንቃቸው አልፈለገችም፤ በስማቸው ራሷ ፈረመች። አባትየው የሞቱት በሴፕቴምበር 29፣ ፊርማው ላይ የሰፈረው ቀን ግን ኦክቶበር 2 ነው። አበዳሪው ይህችን ቀን ይዞ ይመጣባታል። ለዓመታት ከአስቤዛው እየቆጠበች፣ ሌሊት በሯን ቆልፋ ጽሑፍ እየገለበጠች የከፈለችው ዕዳ ነው ወንጀል ሆኖ የጠበቃት።

ኢብሰን ይህን ከባዶ አልፈጠረውም። ላውራ ኪለር የተባለች ወዳጁ፣ እሷም ጸሐፊ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ባሏን ለማዳን በድብቅ ተበድራ፣ ዕዳው ሲያጣብቃት የሐሰት ቼክ እስከ መጻፍ ደርሳለች። ነገሩ ሲወጣ ልጆቿን ተነጠቀች፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም ገባች። ኋላ ወደ ቤቷ ብትመለስም «ኖራ ማለት እሷ ናት» መባሉ ሲያንገበግባት ኖረ። በመድረኩ በሩን የዘጋችው ሴቲቱ ነች፤ በኪለር ሕይወት ግን በሩ የተዘጋው በእሷ ላይ ነው።

የሐያስያኑ ክርክር ከዚህ ይነሣል፤ ተውኔቱ ስለ ሴቶች ነው ወይስ ስለ ሰው ልጅ? የኖርዌይ የሴቶች መብት ማኅበር በ1898 ባዘጋጀለት ግብዣ ላይ ኢብሰን ለሴቶች መብት ብሎ አውቆ እንዳልሠራ፣ ጉዳዩ ለእሱ የሰው ልጅ ጉዳይ እንደሆነ ተናገረ። ብዙ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሐያስያን ንግግሩን አጥብቀው ያዙት። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ማይክል ሜየር የተውኔቱ ጭብጥ የሴቶች መብት ሳይሆን ማንኛውም ሰው ማንነቱን ፈልጎ የማግኘቱ ነገር ነው አለ። ሐያሲዋ ጆአን ቴምፕልተን በ1989 ይህን አጥብቃ ተቃወመች፤ ኖራን ከሴትነቷ ነጥሎ ማንበብ ተውኔቱን ራሱን ማጥፋት ነው የሚል ነው ሙግቷ።

እኔ ከቴምፕልተን ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም ፊርማው ነው። በኖራ ቦታ ባሏ ሄልመር ቢሆን ገንዘብ ለመበደር የሚስቱ ፈቃድ አያሻውም ነበር፤ ታሪኩም ከመነሻው ባልኖረ። ኢብሰን ራሱ ከዚያ ንግግር 14 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1884፣ ከደራሲዎቹ ከቢየርንሰን፣ ከሊ እና ከኪየላንድ ጋር ሆኖ ያገቡ ሴቶች የራሳቸው ንብረት እንዲኖራቸው ለኖርዌይ ፓርላማ በቀረበ አቤቱታ ላይ ፈርሟል። ሕጉ በ1888 ወጣ። የግብዣ ላይ ንግግሩ ሲጠቀስ ይህ ፊርማው መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ወደ እንግሊዝ ግጥም ስንሻገር እንዲህ ያለው ወረቀት መጀመሪያ ይሰወራል። ኮቨንትሪ ፓትሞር ከ1854 ጀምሮ ባሳተመው «የቤቱ መልአክ» ውስጥ ሚስት የምትመሰገነው ራሷን ለባሏ አሳልፋ በመስጠቷ ነው። ያ ግጥም ሲነበብ ያገባች እንግሊዛዊት ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ እንኳ በሕግ የባሏ ነበር፤ ደመወዟ የራሷ የሆነው በ1870፣ ንብረቷም የራሷ የሆነው በ1882 ሕግ ነው። ቨርጂኒያ ዎልፍ በ1931 ለሠራተኛ ሴቶች ስትናገር፣ ለመጻፍ ይህችን መልአክ መግደል ነበረብኝ አለች። የምትኖርበት የውርስ ገንዘብ ባይኖራት አቅሙን እንደማታገኝ መጠቆሟ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ከኢብሰንም ከዎልፍም በፊት ግን ኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ በ1856 «ኦሮራ ሊ» በተባለው ረጅም ግጥሟ ነገሩን ከሥሩ ነክታው ነበር። ኦሮራ የአጎቷን ልጅ የሮምኒን የጋብቻ ጥያቄ እንቢ ትላለች፤ የፈለገው ለበጎ ሥራው ረዳት እንጂ ባለቅኔ አይደለም። እሱ 30,000 ፓውንድ በአክስቷ በኩል ውርስ አስመስሎ ሊያስተላልፍላት ሲሞክር ሰነዱን ትቀደዋለች፤ ለንደን ገብታም በብዕሯ ታድራለች። መጨረሻ ላይ ግን ዓይኑ የጠፋውን ሮምኒን ታገባለች። ሐያሲዋ ኮራ ካፕላን በ1978 መግቢያ ጽፋለት መጽሐፉ እንደ ገና ከታተመ ወዲህ አንባቢዎቹ በዚህ ፍጻሜ ላይ አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ሽንፈት ይሉታል። ለእኔ ያ ጋብቻ በተቀደደው ወረቀት የተገዛ ነው፤ ኦሮራ የገባችበት የራሷ እንጀራ፣ የራሷ ስም ያለው መጽሐፍ ይዛ ነው።

ኖራ ስትወጣ ይህ አልነበራትም። ቀለበቷን መልሳ፣ ከባሏ ምንም እንደማትቀበል ተናግራ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ አንጠልጥላ ነው የሄደችው። በ1923 ቻይናዊው ደራሲ ሉ ሹን በቤጂንግ ለመምህርነት ለሚሠለጥኑ ሴቶች ሲናገር የጠየቀው ስለዚህችው ሻንጣ ነበር፤ በውስጧ ገንዘብ ከሌለ ኖራ ወይ ትወድቃለች፣ ወይ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች አላቸው።