መንገድ ለማን ይቀየሳል?

በአገራችን ታሪክ መንገድ ብዙ ጊዜ ተሠርቷል። ስለ መንገድ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ የተጻፈውም ቢሆን ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ስንት ገንዘብ ወጣ፣ ማን መርቆ ከፈተው ከማለት አያልፍም። ለማን ተቀየሰ? ቀያሹስ ማንን ጠየቀ? ይህ ሲነሣ አይሰማም። የታሪክ ተማሪዎች ጥያቄውን ለመሐንዲሶች ትተነዋል፤ መሐንዲሶቹ ደግሞ ለባለ ሥልጣን ትተውታል፤ ባለ ሥልጣኑ ሪባን ሲቆርጥ ብቻ ያስታውሰዋል።

በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሲቪል መሐንዲስነት ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደው የመንደር መንገድ፣ የእግረኛ ድልድይ፣ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ሲነድፉ ነገሩ የክፍል ልምምድ ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን ከቤተ መንግሥት ወደ ውጭ ሲለካ የኖረው መንገድ ከገበሬው ደጅ ወደ ውጭ የሚለካበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። አጋጣሚው ፍሬ የሚያፈራው ግን ተማሪው ከመለካቱ በፊት ሲጠይቅ ነው።

፩

እስቲ ከዐፄ ቴዎድሮስ እንጀምር። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ለማሳለፍ በጅዳና በበሽሎ ገደል መንገድ አስጠረጉ። ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ ይደክሙ እንደ ነበር ይነገራል። ሥራው ለዚያ ዘመን የሚያስደንቅ ነበር፤ ንጉሡን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር እንኳ አድንቆታል፤ አድንቆም አልቀረ፣ በዚያው መንገድ ወደ መቅደላ ተራመደበት። መንገዱ የተጠረገው ለመድፍ ነበር፤ ያገለገለውም መድፍን ነው፤ የወዳጅንም የጠላትንም።

ከጊዜ በኋላ ዐፄ ምኒልክ መጡ። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደ ነበር የምናውቀው ነው። ባሕር ዛፍ ከተማዋን ቢያድናትም፣ በ1890ዎቹ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ በዘመናዊ መልክ ተሠራ። ከዚያ በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ ገባ። በአምስት ዓመት ውስጥ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በስቶ፣ አዲስ አበባን ከደሴ፣ ደሴን ከአሥመራ አገናኘ። ለማን? ለወታደር ጫኝ መኪና ነዋ!

ከነፃነት በኋላ ጊዜው ተለወጠ፤ የመንገዱ ራስ ግን ከመሐል አገር አልተነቃነቀም። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው መንገድ ወደ 6,400 ኪሎ ሜትር ግድም ነበር። የፈረሰው ተጠገነ፣ አዲሱም ተጨመረ። ሥራው ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም መንገዱ በዋናነት ይፈልግ የነበረው ቡናውንና የወጪ ንግዱን ነበር።

መድፍ፣ ጦር፣ ቡና። እነዚህ ሁሉ መንገድ ጠይቀዋል፤ ተሰጥቷቸዋልም። በእንስራ ውኃ የምትቀዳው ሴት፣ እህል በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወርደው ገበሬ ግን ጠይቀው አያውቁም፤ ማን ጠይቋቸው?

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ ሲራብ፣ የቀረ ጉልበት ያለው ሰው ወደ ሰሜኑ አውራ ጎዳና ወጣ። መኪና የሚያልፍበት ቦታ ስለ ሆነ የሚያየው ሰው አገኘ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡት ፎቶግራፍ በግቢ ውስጥ ሲታይ ተማሪውን ያስነሣው ያ ሥዕል ነው። ለመውጣት ጉልበት ያጣው፣ ወይም ከአስፋልቱ ሁለትና ሦስት ቀን በእግር የራቀውስ? እሱ እዚያው በመንደሩ አለቀ፤ ፎቶግራፍም የለውም። ስለዚህ መንገድ ከየት ወደ የት እንደሚቀየስ መጠየቅ፣ ማን ይታያል ማን አይታይም ብሎ መጠየቅ ነው።

፪

አሁን ወደ ተማሪው እንምጣ። የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልደታ አጠገብ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቋመ። ከዚያ በፊት አገሪቱ መሐንዲስ የምታገኘው ከውጭ ነበር፤ ወይም ልጆቿን ውጭ ልካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ነገር ቢያንስ በወረቀት ላይ የሚቻል ሆነ።

የሕንፃ ኮሌጁን ታሪክ ስንመረምር አንድ ትምህርት እናገኛለን። ከዚያ ኮሌጅ የበቀለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግንባታ ክፍል፣ ቀላልና ርካሽ የሆነ አንድ ዓይነት ንድፍ አውጥቶ በየገጠሩ የመማሪያ ክፍሎችን አሠራ። ሕዝቡም መዋጮ እያዋጣ ተካፈለ። ንድፉ በጣም ያማረ ስለ ነበር አይደለም የተስፋፋው። የመንደሩ ሰው «ይህ የኛ ነው» ለማለት ስለ ቻለ ነው።

በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ግዴታ ሆነበት። አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ስለ ተመደበ፣ ቴዎዶላይት ይዞ ጋራ ላይ የወጣው ጥቂት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ሆነ፤ ከተሜው ተማሪ ክረምት ሲገባ አንድ ወረዳ እንዴት ከዓለም እንደሚቆረጥ በዓይኑ አየ። ደብዳቤ ለአንድ ወር የሚቀርበት፣ የታመመ በቃሬዛ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ወንዝ ዳር የሚያድርበት አገር እንዳለ አወቀ። ብዙዎቹ ወደ ግቢ ሲመለሱ ያው ሰው አልነበሩም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በይፋ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ። በየካቲት የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲሆን፣ ዘማቹ ከማስተማሩና ጉድጓድ ከመቆፈሩ ጋር የገበሬ ማኅበር ማደራጀት ያዘ። ዶዘር የለም፣ ግሬደር የለም። አካፋ፣ ዶማና የሰው ጉልበት ብቻ። በዚያ መሣሪያ መንደር ከመንደር የሚያገናኝ መንገድ የጠረጉ አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ገበሬው በእርሻ ተወጥሮ ሳለ ለስብሰባ የጠሩት፣ ስለ ዓለም ጭቁን ሲያስረዱት «ወንዙስ?» ብሎ ሲጠይቃቸው መልስ ያጡም አልጠፉም። ከደርግ ጋር የመጣው ጠብ፣ እስሩና ግድያው ተጨምሮበት ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. አበቃ። ብዙዎቹ ዘማቾች በኋላ በደረሰው እልቂት አለቁ። እነሱን ስናስብ ጀግንነታቸውን ብቻ ሳይሆን ያነሡትን ጥያቄም ልናስብ ይገባል፤ የተማረ ሰው ለገበሬው ምን ይዞለት ነው የሚሄደው? መልስ ነው ወይስ ጥያቄ?

፫

መሐንዲስ የሆኑ ጓደኞቻችን «እናንተ የሥነ ጽሑፍ ልጆች ስለ ቅየሳ ምን ታውቃላችሁ?» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ሌቭል ማንበብ አንችልም። ነገር ግን የቅየሳ ሥራ ምን ያህል በሰው ቃል ላይ እንደሚመሠረት ከራሳቸው አፍ ሰምተናል።

አንድ ተማሪ በትንሽ ወንዝ ላይ ቱቦ ወይም ድልድይ ሊነድፍ ሲሄድ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የጎርፉን ልክ ነው። በትልልቅ ወንዞች ላይ የውኃ መለኪያ ተተክሎ የብዙ ዓመት መዝገብ ሊገኝ ይችላል። በየሰፈሩ ያለ ወንዝ ግን መዝገብ የለውም። ተማሪው የተፋሰሱን ስፋት፣ የዝናቡን መጠንና የአፈሩን ዓይነት ይዞ ያሰላል። ከዚያ በኋላስ? ስሌቱን የሚያመሳክረው በምን ነው? ወንዙ ዳር ከኖረ ሽማግሌ ጋር ነው። «አባባ፣ ውኃው ከሁሉ የበዛበት ዓመት እስከ የት ደረሰ?» ሽማግሌው በከዘራቸው አንድ ዋርካ ወይም አንድ ቋጥኝ ያመለክታሉ። ያ ምልክት ከመጽሐፍ የተገኘ ቁጥር አይደለም፤ ድልድዩ ይቁም ይወሰድ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚያ ነው።

አፈሩም እንደዚሁ ነው። መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራ መንገድ በሁለት ዓመት ይፈራርሳል። መሐንዲሱ ይህን በላቦራቶሪ ያረጋግጣል። ገበሬው ግን ዋልካው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ጥሩ ገረጋንቲ ከየትኛው ጉብታ እንደሚወጣ ማረሻው ነግሮታል። የድሮው የነጋዴና የአጋሰስ መንገድ በጋራ አናት ላይ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይደለም። በአናት ሲኬድ የሚሻገሩት ወንዝ ጥቂት ነው፣ ረግረጉም ያንሳል። ዱካው ራሱ የብዙ መቶ ዓመት ጥናት ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «በዚህ የሚሄደው ማን ነው?» የሚለው ነው። በገጠር አብዛኛው ጉዞ በእግር ነው፤ አብዛኛው ሸክም ደግሞ በሴት ጀርባ ላይ ነው። ውኃ፣ ማገዶ፣ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄድ እህል። ተማሪው የወረዳውን ሊቀ መንበር ብቻ ጠይቆ ከተመለሰ መንገዱ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀየሳል። ሴቶቹን ከጠየቀ ግን ምናልባት የሚያስፈልገው መንገድ ሳይሆን ወደ ምንጩ የሚያሻግር አንድ የእግር ድልድይ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ከሰባራ ድልድይ የተሻለ ምስክር የለም። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ የነበረው ይህ የዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላትን መንገድ ለመዝጋት ተሰበረ። አገር ለማዳን የተሰበረ ድልድይ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከ60 ዓመት በላይ ሕዝቡ በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ዐባይን ይሻገር ነበር። ነጋዴው፣ ሙሽራው፣ በሽተኛው። በእነዚያ ዓመታት ስንት አውራ ጎዳና ተመረቀ? የሚያስፈልገው እኮ የተሰበረውን ቅስት የሚዘጋ አንድ አጭር ብረት ነበር! በ1994 ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከአካባቢው ሰው ጋር ሆነው ብረቱን ዘረጉት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ መጣና ወሰደው። በኋላ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ በአጠገቡ ተሠራ። ዐባይ ሁለት ነገር አስተማረን፤ የሕዝብ ችግር ትንሽ ሥራ በመሆኑ ሊናቅ እንደማይገባ፣ ትንሽ ሥራ ደግሞ ትንሽ ዕውቀት እንደማይበቃው።

፬

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከአገሪቱ ስፋትም 79 በመቶው ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀበሌዎችን ሁሉ ከመንገድ ለማገናኘት በታቀደው ፕሮግራም፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣት መሐንዲሶች በትንንሽ ድርጅት ተደራጅተው ዲዛይኑንም ሥራውንም ያዙ። ይህ ለኛ ትውልድ ትልቅ ነገር ነው። ትናንት ክፍል ውስጥ የነበረ ልጅ ዛሬ የአንድ ቀበሌን መንገድ በእጁ ይስላል።

ግን በኪሎ ሜትር የሚለካ ዕቅድ ሌላውን ነገር ያስረሳል። መንገዱ ሲቆጠር ወንዙ አይቆጠርም። በመሆኑም በጋ ያማረ፣ ሐምሌ ሲገባ ቱቦ ወይም ድልድይ ባልተሠራለት ጅረት ዳር የሚቆም መንገድ በየቦታው ቀርቷል። ቦይ ያልወጣለት ጠጠር በጎርፍ ታጥቦ ዞሮ ዞሮ አህያው በድሮው ዱካ ይሄዳል። አህያው አልተሳሳተም።

ታዲያ ምን ይሁን? ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ለመመረቂያ የሚነደፍ የመንደር መንገድና ድልድይ ሁሉ አንድ ቅጂው ለዚያው መንደር ይመለስ፤ ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ ተብራርቶ፣ የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ ሲሚንቶና ጉልበት ተቆጥሮ። መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ሥዕል ማንንም አያሻግርም። ሁለተኛ፣ የቅየሳ ጉዞ በበጋ ብቻ አይሁን። ወንዝን በጥር ያየ ሰው ወንዙን አላየውም። ሦስተኛ፣ እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች አብረን እንሂድ። ሽማግሌዎችን ማነጋገር፣ የሴቶቹን ቃል መመዝገብ፣ የድሮውን ዱካ ስምና ምክንያት መጠየቅ የኛ ሙያ ነው። መሐንዲሱ ችካሉን ይትከል፤ እኛ የት እንደሚተከል የሚያውቀውን ሰው እንፈልግለት።

አብዛኞቻችን ወላጆቻችን ወይም አያቶቻችን ከእነዚያ መንደሮች የወጡ ናቸው። የምንማረውም ከእነሱ በተሰበሰበ ግብርና መዋጮ ነው። ለመድፍ፣ ለጦርና ለቡና መንገድ የጠረገ አገር ለእንስራ ተሸካሚዋም መጥረግ አያቅተውም። ነገር ግን መንገዱ እንዲደርሳት ከተፈለገ፣ ቀያሹ ችካሉን ይዞ ከመነሣቱ በፊት ወደ እሷ ቤት ጎራ ብሎ ደጅዋ የት እንደ ሆነ ይጠይቅ።