በጉልበት ወጪ በጀት ያለ ሥራ የሚያልፍ ሰዓት እንዴት ይሰላል?

በአዋሽ አርባና በአካባቢው ለእርሻ፣ ለቦይ ጠረጋ ወይም ለቤት ግንባታ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው በጀት ሲይዝ በቅድሚያ የሚያሰላው የሠራተኛውን ቁጥርና የሥራውን ቀናት ነው። ሠራተኛው በሥራ ቦታው ተገኝቶ፣ ክፍያው እየታሰበለት፣ ሥራ ሳይሠራ የሚያልፈው ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስሌቱ ይቀራል። ሥራው ሳይጠናቀቅ ገንዘቡ እንዲያልቅ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

በመስኖ እርሻ ላይ የውሃ ተራ እስኪደርስ፣ ለፓምፑ ነዳጅ እስኪመጣ ወይም ትራክተር እስኪጠገን ሠራተኛ ይጠብቃል። በከተማ ግንባታም የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ መዘግየት፣ እንዲሁም የመብራት መቋረጥ ሥራ ያስቆማል። እነዚህ ሁሉ ያለ ሥራ የሚያልፍ ሰዓት ሆነው ይቆጠራሉ።

የሙቀቱ ጉዳይ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚወጣባቸው ወራት ሥራን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቀትር ላይ ማቋረጥ ተገቢ ነው። በስምምነት ከሥራ ሰዓት ውጪ የሆነ የቀትር ዕረፍት እንደ ባከነ ጊዜ አይቆጠርም። በሥራ ሰዓት ውስጥ ውሃ ለመጠጣትና በጥላ ሥር ለማረፍ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ከበጀቱ ሊጎድል አይገባም፤ ለሠራተኛው ጤና አስፈላጊ ነውና።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። በአንቀጽ 54 መሠረትም ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያና በጥሬ ዕቃ አቅርቦት መቋረጥ ወይም በእርሱ ጉድለት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን የማግኘት መብት አለው። ስለዚህ ነዳጅ ባለመቅረቡ የባከነውን ሰዓት ከሠራተኛው ክፍያ መቀነስ አይቻልም፤ ወጪው የአሠሪው ነው፣ ቦታውም በጀቱ ውስጥ ነው።

ስሌቱ በምሳሌ

አንድ የጥጥ ማሳን ለማረም 1,040 የሥራ ሰዓት ያስፈልጋል፣ የአንድ ሠራተኛ የቀን ክፍያም 300 ብር ነው እንበል። ቀኑን ሙሉ 8 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ቢታሰብ 1,040 ለ8 ሲካፈል 130 የሠራተኛ ቀን፣ በገንዘብ 39,000 ብር ይሆናል።

ሆኖም ከ8ቱ ሰዓት በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩሉ በመጠበቅ የሚያልፍ ከሆነ ሥራ የሚሠራበት 6 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። 1,040 ለ6.5 ሲካፈል 160 የሠራተኛ ቀን፣ ማለትም 48,000 ብር ይመጣል። ልዩነቱ 9,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ። አንድ ሰዓት ተኩል የ8 ሰዓት 18.75 በመቶ ስለሆነ በ39,000 ብር ላይ ይህንኑ መቶኛ መጨመር በቂ ይመስላል። ውጤቱ ግን 46,312.50 ብር ነው፤ ከሚያስፈልገው 1,687.50 ብር ይጎድላል። ትክክለኛው መንገድ ጠቅላላውን የሥራ ሰዓት በእርግጥ ለሚሠራበት ሰዓት ማካፈል ነው።

የዘወትሩና ድንገተኛው

በየቀኑ የሚጠበቀው መዘግየት በመደበኛው በጀት ይካተታል። የአዋሽ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ማሳ ሲያጥለቀልቅ ወይም ማሽን ለቀናት ሲበላሽ የሚደርሰው መቋረጥ ግን በመጠባበቂያ ተይዞ በተለየ መዝገብ ቢሰፍር ይመረጣል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የአንድ ክፉ ዓመት ወጪ የመጪውን ዓመት ዕቅድ ያዛባል።

ጥጥ ለቀማን በመሳሰሉ በኪሎ በሚከፈሉ ሥራዎች ደግሞ የባከነው ሰዓት በአሠሪው ሒሳብ ላይ ጎልቶ አይታይም። መጆንያ ወይም ሚዛን ሲዘገይ የቀን ገቢው የሚቀንሰው ለቃሚው ነው። በመሆኑም ስለ መጠበቂያ ሰዓት ክፍያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መስማማት ክርክርን ያስቀራል።

መዝገብ መያዝ

አማካዩን ለማወቅ አንድ ደብተር ይበቃል። ካቦው በየቀኑ ሥራው የቆመበትን ምክንያት፣ የቆየበትን ሰዓትና የጠበቁትን ሠራተኞች ቁጥር ይጽፋል። 20 ሠራተኞች አንድ ሰዓት ከጠበቁ የባከነው 20 የሥራ ሰዓት ነው። የሁለት ሳምንት መዝገብ ትልቁ ብክነት ከየት እንደሚመጣ ማሳየት ይጀምራል። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ነዳጅን በዋዜማው ማዘጋጀት፣ የውሃ ተራን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ ለመጠበቂያ ሰዓትም እንደ መሣሪያ መሳልና ቦይ ማጽዳት ያለ ተለዋጭ ሥራ መያዝ።